አማኝና ኢ-አማኒ ሳይቀያየሙ እንዲከራከሩ፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ሰው

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከድሬዳዋ ነዋሪ ከ10 ሰው 7ቱ ያህል ሙስሊም፣ ሩብ ያህሉ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ሆኖ ተመዝግቧል፤ የሐረሪ ክልል ቁጥርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሃይማኖት የሌለው ሰው በታተመው ውጤት ላይ የራሱ ረድፍ የለውም። ሰውየው ግን አለ፤ ሐሳቡን ለጓደኛው ይናገራል፣ ጓደኛውም ይመልስለታል፣ ብዙውን ጊዜ ነገሩ በኩርፊያ ያልቃል። ኩርፊያው የሚመጣው ከርዕሱ ክብደት ይልቅ ክርክሩ ሥርዓት ስለሌለው ነው ብለን እናምናለን።

ይህ መመሪያ ሁለት ተናጋሪ፣ አንድ አወያይና ከ6 እስከ 10 አድማጭ ላለበት የ90 ደቂቃ ክርክር የተዘጋጀ ነው። ተከራካሪዎቹ ነገ በአንድ ለቅሶ ቤት ይገናኛሉ፣ በአንድ ዕድር ይዋጣሉ። ስለዚህ ክርክሩ ተሳካ የሚባለው ሁለቱ በሌላ ሳምንት እንደገና ለመቀመጥ ፈቃደኛ ሲሆኑ ነው።

ጥያቄውን አጥብቡት

"ፈጣሪ አለ ወይስ የለም?" የሚለው ለአንድ ከሰዓት በኋላ አይሆንም። በውስጡ ቢያንስ አምስት ጥያቄ አለ፦ ዓለም መነሻ ምክንያት ያስፈልገዋል ወይ፤ ይህ ሁሉ ሥቃይ እያለ ቸርና ሁሉን ቻይ ፈጣሪ አለ ማለት ይቻላል ወይ፤ መልካም ምግባር ያለ እምነት ይቆማል ወይ፤ የቅዱሳት መጻሕፍት ምስክርነት በምን ይመዘናል፤ ሃይማኖት በትምህርት ቤትና በመንግሥት ሥራ ምን ቦታ ይኑረው። ጥያቄው ካልተቆረጠ አንዱ ስለ ዓለም መነሻ ሲጠየቅ ስለ ሥነ ምግባር ይመልሳል፣ ሌላው ስለ ሥነ ምግባር ሲጠየቅ ወደ መጻሕፍት ይዘላል። በመጨረሻ ሁለቱም "ከጥያቄዬ ሸሸ" ብለው ይለያያሉ።

አንዱን ምረጡ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፣ ከሦስት ቀን በፊት ለሁለቱም ተናጋሪዎች ስጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሥነ ምግባሩ ጥያቄ ይሻላል፤ ፊዚክስ፣ ዓረብኛ ወይም ግዕዝ ያላጠና ሰውም እኩል ሊናገርበት ይችላል።

ከጥያቄው ውጭ የሚቀሩ ነገሮችንም ጻፉ። የነቢዩ ሙሐመድ ማንነት፣ እመቤታችን ማርያምና ቅዱሳን፣ ታቦት፣ እነዚህ በዚህ ክርክር አይነሡም፤ የፈጣሪን መኖር ለመመርመር አያስፈልጉም፤ የሰው ልብ ግን ያቆስላሉ። በእኛ አገር ሌላም ይጨመር፦ የኢማም አህመድ ኢብራሂም ዘመቻና የጨለንቆ ጦርነት። "ሃይማኖት ጦርነት ያመጣል" የሚል ተናጋሪ ወደነዚህ ምሳሌዎች መሄዱ አይቀርም፣ በሐረር ደግሞ ሁለቱም ዛሬም በየቤቱ በተለያየ መልክ ይነገራሉ። ምሳሌ ካስፈለገው ከሩቅ አገር ያምጣ።

አወያዩ ከሁሉም በላይ ሊጠብቀው የሚገባ ሌላ መንሸራተት አለ። በክፍሉ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው ካሉ ክርክሩ በ20 ደቂቃ ውስጥ ወደ ሥላሴና ተውሒድ ሊዞር ይችላል። ያኔ ኢ-አማኒው ተመልካች ይሆናል፣ የሚፋጠጡት ሁለቱ ጎረቤቶች ይሆናሉ፣ ቅሬታውም ከታሰበው የባሰ ይሆናል። መከላከያው ቀላል ነው፦ ሁሉም ተናጋሪ ለሁለቱ ሃይማኖት የጋራ በሆነው ላይ ብቻ ይቁም። ኢ-አማኒውም "ፈጣሪ" የሚለውን ቃል ይጠቀም፤ አማኙ እንደ ልማዱ አላህ ወይም እግዚአብሔር ማለት ይችላል።

አቋም በግልጽ ይነገር

ኢ-አማኒው ከሁለት አንዱን አስቀድሞ ይምረጥ፦ "ፈጣሪ የለም" ወይስ "መኖሩን የሚያሳምነኝ አላገኘሁም"። የመጀመሪያውን ካለ እሱም እንደ አማኙ ማስረጃ የማቅረብ ዕዳ አለበት። ሁለተኛውን ካለ ሸክሙ ይቀልለታል፣ ግን በኋላ ተነሥቶ "የለም" ብሎ ሊደመድም አይችልም። ይህ ሳይለይ ሲቀር ግማሹ ሰዓት "አንተ አስረዳ፣ አንተ አስረዳ" በመባባል ያልፋል። አማኙም እንዲሁ፦ የሚከራከረው ዓለምን ላስገኘ ኃይል ነው ወይስ ጸሎት ለሚሰማ፣ ሕግ ለሰጠ ፈጣሪ? ለመጀመሪያው የሚበቃ ማስረጃ ለሁለተኛው ላይበቃ ይችላል።

በኢትዮጵያ አንድ ተጨማሪ ሸክም አለ። ሃይማኖት የለኝም የሚል ሰው በታላላቆች ዘንድ ከደርግ ጋር ይያያዛል። ምክንያት አላቸው፤ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስና ቄስ ጉዲና ቱምሳ የተገደሉት በዚያ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ኢ-አማኒው ይህን ቁስል አያቃልለው፤ አስቀድሞ "ያንን ግፍ ነው የምለው፤ የኔ አቋም የመንግሥት ፕሮግራም አይደለም" ቢል ብዙ በር ይከፈትለታል። አማኙም ደርግን እንደ ማሸነፊያ አያንሣ፤ የአንድ መንግሥት ግፍ ፈጣሪ ስለ መኖሩ ማስረጃ አይሆንም።

ሕጉና የሰው ደኅንነት

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 የሃይማኖት፣ የእምነትና የአመለካከት ነፃነትን ይጠብቃል፤ ማንንም በእምነቱ ማስገደድንም ይከለክላል። በወንጀል ሕጉ ግን ሁለት አንቀጾች መታወቅ አለባቸው። አንቀጽ 492 የሃይማኖት ሥነ ሥርዓትን በአደባባይ ማወክን ወይም በእሱ ማላገጥን፣ የአምልኮ ቦታንና ዕቃንም ማርከስን እስከ 2 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል። አንቀጽ 816 ደግሞ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቦታ በቃል ወይም በምልክት ሃይማኖትን ማላገጥን ይመለከታል፤ ቅጣቱ መቀጮ ወይም እስከ 1 ወር እስር ነው። የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም ሃይማኖትን ይጨምራል። ስለዚህ ቦታው የተጋበዙ ሰዎች ብቻ የሚገቡበት ቤት ወይም ግቢ ይሁን። "ይህ ማስረጃ አላሳመነኝም" ማለትና ማላገጥ የተለያዩ መሆናቸውን ሁሉም አስቀድሞ ይወቀው።

ከሕጉ በላይ የሚያሰጋው ግን ቤተሰብና ሥራ ነው። አማኙ ከክርክሩ ወጥቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ የሚያጣው ነገር የለም፤ ኢ-አማኒው ትዳሩን፣ የአባቱን ቤት፣ ደንበኛውን ሊያጣ ይችላል። ስልኮች ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠው ይቀመጡ። ቀረጻ የሚፈቀደው ሁለቱ ተናጋሪዎችና የቤቱ ባለቤት ሦስቱም ሲስማሙ ብቻ ነው፤ ከ90 ደቂቃ ውስጥ የተቆረጠ 30 ሴኮንድ የሰውን ኑሮ ሊያፈርስ ይችላል። አወያዩ አድማጮችን "ከናንተ የማያምን አለ?" ብሎ እንዳይጠይቅ። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ፣ ወይም በወላጆቹ ቤት እየኖረ ሐሳቡን ያልነገራቸው ወጣት፣ በተናጋሪነት አይቅረብ።

ቦታና ሰዓት

በ10 ሰዓት ጀምሩ፣ በ11 ተኩል ጨርሱ። በ10 ሰዓት የአስር ሰላት አልፏል፣ የድሬ ፀሐይም መብረድ ጀምራለች። መግሪብ በኅዳር አካባቢ 12 ሰዓት ሳይሞላ ስለሚገባ ከ11 ተኩል በላይ ከቆያችሁ ሙስሊሙ ተናጋሪ መደምደሚያውን ትቶ ይነሣል። ዓርብን ለጁምዓ፣ የእሑድን ጠዋት ለቅዳሴ ተዉት። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ነው፤ በዚያ ሳምንት ግማሹ ሰው መንገድ ላይ ነው። በረመዳን ከነጭራሹ አታድርጉት።

በርጫ ላይ ክርክር የለመዱ ብዙ ናቸው፤ ትዕግሥትና ተራ መጠበቅ ያስተምራል የሚሉም አሉ። እኛ አንመክረውም። ምርቃናው ሲመጣ ንግግር ይረዝማል፣ ሁሉም የራሱ ሐሳብ ይጥመዋል፣ የሌላውን መስማት ይቀራል፤ ጫት የማይቅሙ አማኞችና ብዙ ሴቶችም ከመጀመሪያው ይቀሩበታል። ቡናና ውሃ ይበቃል።

በሐረር ባህላዊ ቤት ውስጥ ከሆነ ነደባዎቹ (የመቀመጫ መደቦቹ) እንደ ሰው ክብር ከፍና ዝቅ ማለታቸውን አትርሱ። አንዱ ተናጋሪ በላይኛው፣ ሌላው በታችኛው ከተቀመጠ ፍርዱ ንግግር ሳይጀመር ተሰጠ ማለት ነው። ሁለቱን በአንድ ነደባ አስቀምጡ።

አጠራርም ይታሰብበት። በድሬ ለታላቅም "አንተ" ማለት የተለመደ ነው፣ እንደ ንቀት አይቆጠርም፤ ኡስታዝን፣ ሼህን፣ ቄስንና መምህርን ግን ኢ-አማኒውም በማዕረጋቸው ጠርቶ "እርስዎ" ይበል። አማኙ በበኩሉ "ካፊር"፣ "ከሃዲ" እና በተለይ "ሙርተድ" (ከእስልምና የወጣ) የሚሉትን አይጠቀም፤ የመጨረሻው ቃል ከክፍሉ ከወጣ ሰው ላይ አደጋ ያመጣል። ኢ-አማኒው "ተረት"ና "ኋላ ቀር" የሚሉትን ይተው።

የ90ው ደቂቃ አካሄድ

አወያዩ በ10 ደቂቃ ጥያቄውን፣ ደንቡንና የተከለከሉትን ርዕሶች ያነብባል። በሳንቲም የተመረጠው ተናጋሪ 8 ደቂቃ ይናገራል፤ ሌላው በ4 ደቂቃ የሰማውን መልሶ ያስረዳል። ከዚያ በተራው 8 እና 4። ቀጥሎ 20 ደቂቃ ተጠየቅ፦ እያንዳንዱ 10 ደቂቃ መጠየቅ ብቻ እንጂ ማብራራት አይፈቀድለትም። አባቶቻችን በችሎት ተከራካሪን በጥያቄ ብቻ አጥብቀው ይይዙ ነበር፤ ያ ልማድ እዚህ ይጠቅማል። 5 ደቂቃ ዕረፍት፣ 20 ደቂቃ የአድማጭ ጥያቄ፣ ለእያንዳንዱ 4 ደቂቃ መዝጊያ። የቀረው 3 ደቂቃ ለመዘግየት ይቀመጥ።

ሰዓት ያዡ ከአወያዩ የተለየ ሰው ይሁን። ሁለቱን ሥራ አንድ ሰው ሲይዝ ሰዓቱን ይረሳዋል፣ ከዚያ የአንዱ ተናጋሪ ወገን "አዳላ" ይላል።

በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ ሐሳቡን የበለጠ የሚገልጽ ካለ ይናገር፣ አንድ ሰው ያስተርጉምለት፣ ሰዓቱም በግማሽ ይጨመርለት። በዓረብኛ ወይም በግዕዝ የጠቀሰ ግን ወዲያው በአማርኛ ይፍታው፣ ምዕራፍና ቁጥሩንም ይናገር።

መልሶ መናገር

ክርክሩን የሚያቆመውም የሚጥለውም ይህ 4 ደቂቃ ነው። ሰው የሌላውን ሐሳብ ለመምታት በሚመቸው መልክ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ ያንን የራሱን ሥራ ይመታል። ባለ ሐሳቡ "ይሄው ነው" እስኪል ድረስ መልስ መስጠት አይፈቀድ። ለምሳሌ፦

አማኙ፦ "ፈጣሪ ከሌለ 'ግፍ ክፉ ነው' የሚለው ከአስተያየት አያልፍም። ጉልበተኛው 'ለእኔ ጥሩ ነው' ቢልህ የምትመልስለት የለህም።"

ኢ-አማኒው፦ "ያላመነ ሁሉ ሌባ ነው እያልክ ነው።"

አማኙ፦ "አላልኩም። አንተ ጥሩ ሰው መሆንህን አውቃለሁ። ጥሩነትህ የቆመበትን ነው የጠየቅኩህ።"

ኢ-አማኒው፦ "እሺ። የማያምን ሰው መልካም ሊሠራ ይችላል፤ 'ይህ በሁሉም ላይ ግዴታ ነው' ለማለት ግን ከሰው በላይ የሆነ ምንጭ ያስፈልገዋል። ይሄ ነው?"

አማኙ፦ "ይሄው ነው።"

አሁን እውነተኛው ክርክር ሊጀመር ይችላል። ከሦስት ሙከራ በኋላም "ይሄው ነው" ካልተባለ አወያዩ ባለ ሐሳቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲያስቀምጠው ይጠይቀው፤ ብዙውን ጊዜ ችግሩ የሰሚው ሳይሆን የተናጋሪው አለመጥራት ሆኖ ይገኛል።

የሚያስኬዱና የማያስኬዱ መልሶች

በዓለም መነሻ ላይ የእስልምናው ሊቅ አል-ገዛሊ የተከራከረበት መንገድ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ያለው ሁሉ አስገኚ አለው፤ ዓለም መጀመሪያ አለው፤ ስለዚህ አስገኚ አለው። ኢ-አማኒዎች ቶሎ የሚመልሱት "ታዲያ ፈጣሪን ማን ፈጠረው?" ነው። ይህ አይነካውም፤ የመነሻው ሐሳብ "መጀመሪያ ያለው ሁሉ" ስለሚል፣ አማኙም ፈጣሪ መጀመሪያ የለውም ስለሚል። የተሻለው ጥያቄ "አስገኚው የሚያውቅና የሚፈቅድ አካል መሆኑን ከምን አገኘኸው?" የሚለው ነው። አማኙም "ይህ ሁሉ በአጋጣሚ ተገኘ ትላለህ?" ሲል ስቶታል፤ የዳርዊን የተፈጥሮ ምርጫ ልዩነቱ በዘፈቀደ ቢመጣም የሚተርፈው በዘፈቀደ አይመረጥም ይላል።

ሳይንስን የራስ ወገን ወታደር ማድረግ ሁለቱንም ያሳስታል። ዩኒቨርስ ከአንድ እጅግ የታመቀ መነሻ ተነሣ የሚለውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1931 ያቀረበው ዦርዥ ለሜትር የካቶሊክ ቄስ ነበር፤ በ1951 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ይህን ለመፈጠር ማስረጃ አድርገው ሲናገሩ ግን ለሜትር ራሱ አልተደሰተም። ከድሬዳዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ በስተደቡብ ያለውን የፖርክ ኤፒክ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1933 ከመረመሩት መካከል ቴያር ደ ሻርዳንና አንሪ ብሮይ ይገኛሉ፤ ሁለቱም ካህናት ናቸው። የድንጋይ መሣሪያዎችና የጥንት ሰው መንጋጋ ስባሪ የወጣበት ዋሻ በከተማችን ራስጌ እያለ "አማኝ ሳይንስ አይወድም" ማለት አያስኬድም፤ "የሰው ጥንታዊነት የከሃዲዎች ፈጠራ ነው" ማለትም እንዲሁ።

በሥነ ምግባሩ ጥያቄ ላይ ሁለቱም ወገን ከሁለቱ ሃይማኖቶች ታሪክ ብዙ ያገኛል። በጥንቱ የእስልምና ሥነ መለኮት ሙዕተዚላ የሚባለው ወገን ሊቃውንት አእምሮ መልካምና ክፉን ሊለይ ይችላል ሲሉ ተቃራኒዎቻቸው አሽዓሪዎች መልካም መልካም የሚሆነው በአላህ ትእዛዝ ነው ብለው ተከራክረዋቸዋል። የኦርቶዶክስ ትምህርት ደግሞ ከሙሴ በፊት ሰው በሕገ ልቡና ይኖር ነበር ይላል። እንግዲህ ኢ-አማኒው "ሕገ ልቡና ያለ መጽሐፍ ከበቃ ዛሬስ ለእኔ ለምን አይበቃኝም?" ቢል ጥያቄው ጨዋ ነው፣ መልስም ይገባዋል፤ አማኙ "ያን ሕግ በልብህ ማን ጻፈው?" ብሎ ቢመልስም እንዲሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከመቶ ስድብ ይልቅ ሰውን ያስጨንቃል።

ስለ ሥቃይ ስትከራከሩ ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ1979 ፈላስፋው ዊልያም ሮው ያቀረበው ምሳሌ በጫካ ቃጠሎ ብቻዋን ስለምትሞት ግልገል አጋዘን ነው፤ እንዲህ ያለ ምሳሌ ማንንም አያቆስልም። የ1998ቱን የደቻቱ ጎርፍ አታንሡ። በክፍሉ ውስጥ ዘመዱን ያጣ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ለእሱ "ፈጣሪህ የት ነበር?" ማለትም ጭካኔ ነው፣ "ለበጎ ነው" ማለትም ጭካኔ ነው። የራሱን ሐዘን ራሱ ካነሣው አወያዩ ሰዓቱን ያቁም፣ ክርክሩም ይቁም፤ ያ ሰዓት የማጽናኛ ነው።

ሲበላሽ

አምስት አማኝ በአንድ ኢ-አማኒ ላይ ሲዘምት ክርክር የለም። የአድማጭ ጥያቄ አንድ ለዚህ፣ አንድ ለዚያ እየተፈራረቀ ይሂድ፤ ብቻውን ያለው ሰውም ከቀረቡለት ጥያቄዎች ሦስት ብቻ መርጦ የመመለስ መብት ይኑረው። በዩኒቨርሲቲ ጓደኞች መካከል ደግሞ ተቃራኒው ያጋጥማል፤ አንዲት አማኝ በሦስት ፌዘኞች ትከበባለች። ደንቡ ለእሷም ያው ነው።

ጭብጨባ፣ ተክቢርና እልልታ ይከልከሉ። አንዴ ከተጀመረ ተናጋሪው ለተከራካሪው መናገሩን ትቶ ለወገኑ መናገር ይጀምራል።

"ሲኦል ስትገባ ታየዋለህ" ማስረጃ አይደለም፣ ማስፈራሪያ ነው። "እንጸልይልሃለን" የሚለውም በአድማጭ ፊት ሲነገር እንደ ጥፊ ይሰማል፤ መጸለይ የፈለገ በቤቱ ይጸልይ። "ወላጆችህ ስላስተማሩህ ነው የምታምነው" የሚለውም ከዚያው ወገን ነው፤ ሐሳቡ ከየት መጣ የሚለው ሐሳቡ እውነት ነው ወይ የሚለውን አይመልስም።

ድምፅ ከፍ ሲል አወያዩ አይገሥጽ። "ሁለት ደቂቃ ውሃ" ይበል፤ ከዚያ የተቆጣው ሰው የሌላውን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር እንዲደግም ይጠይቀው። ካልቻለ ስላልሰማ ነው፤ ሌላው ይድገምለት። በአንድ ቀን ሁለቴ ውሃ ካስፈለገ የተጠየቁን ክፍል ዝለሉና ወደ መዝጊያው ሂዱ።

"ይህን አላውቅም" ላለ ሰው ማንም አይሳቅበት። አወያዩ ጥያቄውን ይጻፈው፣ ለሚቀጥለው ይያዝ።

ይህ ሁሉ ለምእመኑ እንግዳ ከመሰለ አማኙ ለታላላቆቹ የሚያሳየው አለው፦ በሱረቱ ነሕል 125 ክርክር በተሻለው መንገድ እንዲሆን ታዝዟል፣ በአንዓም 108 የሌሎችን አምላክ መስደብ ተከልክሏል፤ በ1ኛ ጴጥሮስ 3፥15 ስለ ተስፋው የሚጠይቀውን ሰው በየዋህነትና በአክብሮት መመለስ አለ።

በማግስቱ እያንዳንዱ ተናጋሪ የሌላውን ጠንካራ ነጥብ በሦስት መስመር ጽፎ ለአወያዩ ይስጥ። አወያዩም ከሁለት ቀን በኋላ በቁጥር ያነሰውን ወገን ለብቻው ይጠይቅ፦ በቤት ወይም በሥራ ቦታ ያነሣብህ ሰው አለ? አዎ ካለ ቀጣዩ ክርክር ይቆይ፣ ወሬውን ያወጣው ሰውም ዳግመኛ አይጋበዝ። ከሌለ ቀጣዩን ጥያቄ የሚመርጠው ባለፈው ሁለተኛ ሆኖ የተናገረው ነው።